የቧንቧው ኬዝ

«ኬዝ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከወንድሜ ከቡርሃን ነው። ምናለሽ ተራ፣ የጋሼ ጓንጉል ቆርቆሮ መሥሪያ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ይተረትራል።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ኬዝ።»

«ኬዝ ምንድነው?»

«የኮምፒውተር ቤት። ኮምፒውተር ቤት ከሌለው አቧራ ይበላዋል። አቧራ የበላው ኮምፒውተር ደግሞ ያብዳል። ያኔ አማኑኤል ነው የምንወስደው።»

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቃሉ ደስ አለኝ። አጭር ሆኖ መጨረሻው ላይ እንደ ንብ ዝዝ ይላል። ቀኑን ሙሉ «ኬዝዝዝ» ስል ዋልኩ። ያኔ አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ የሚጠራ ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ ዘጠና ስድስት ነው። በሰፈራችን ኮምፒውተር ያለው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነበር፤ እሱም በዳንቴል ሸፍኖ ነው የሚያስቀምጠው። ቡርሃን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባታችን ካለፈ ወዲህ ጋሼ ጓንጉል ዘንድ ባልዲና ማንቆርቆሪያ እየሠራ ቤታችንን ይደጉማል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የኮምፒውተር ጥገና ይማራል። ዛሬ ማዘርቦርድ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሲዲ ማጫወቻ እያለ ያገለገለ ዕቃ ከአንድ ደላላ ይሰበስብ ነበር። የፋብሪካ ኬዝ ለመግዛት አቅሙ አልነበረውም። ለእኔ ግን እንደዚያ አላለኝም። «የፋብሪካው ያስጠላል፤ ላንተ ቧንቧውን ነው የምሠራልህ» ነው ያለኝ።

ቧንቧው የካርቱን ሮቦት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በበሽር ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ይመጣል። በምን ቋንቋ እንደሚናገር እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እውነተኛ ስሙንም አላውቅም። ክንዶቹ ቧንቧ ስለሆኑ «ቧንቧው» ያልነው እኛ የሰፈር ልጆች ነን። አንድ ቅዳሜ ክፉዎቹ አግኝተው ነቃቀሉት። አንዲት ትንሽ ልጅ ከቆሻሻ ክምር ውስጥ ዕቃ በዕቃ ለቅማ ገጣጠመችው። ዓይኑ አልበራም። አለቀሰች። በመጨረሻ የጀርባውን ክዳን ረስታው ኖሮ አነሳችና ገጠመችው፤ እጇን ስታነሳ ዓይኑ ቦግ አለ። ሻይ ቤቱን በጭብጨባ አደበላለቅነው። በሽር «ብርጭቆ የሰበረ እናቱን ነው የምጠራው!» እያለ ይጮኻል።

የኛ ቧንቧው ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነበር። ሆዱ ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ተበይዶ፣ እግሮቹ የዱቄት ወተት ጣሳ። አፉ ላይ ሲዲ ማጫወቻው ይገባል፤ ስትጫነው ምላሱን ያወጣል። ቀኝ ዓይኑ ቀይ መብራት፣ ግራው አረንጓዴ። አረንጓዴው ሲያስብ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ብሎኛል ቡርሃን።

«ባልዲ ሠርቻለሁ» ይላል ጋሼ ጓንጉል የሳልሳ ጣሳ እያገላበጠ፤ «ፋኖስ ሠርቻለሁ፣ አሸንዳ ሠርቻለሁ። ጆሮ ስሠራ ግን የዛሬው መጀመሪያዬ ነው።»

«ጋሼ፣ የሚሰማ ጆሮ ያድርጉት ታዲያ» አለው ቡርሃን።

«የማይሰማውንማ አንተ ይዘኸዋል።»

ቀኝ ጆሮው ያን ቀን ተበየደ። ግራው በማግስቱ ሊበየድ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ሌላው ደብተር ይዟል። ገዢዎች መሰሉኝ። ባለ ጃኬቱ ቧንቧው ፊት በርከክ አለና ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበር፤ ዛሬም ደግ ሳቅ ነበር ነው የምለው።

«ይሄን የመሰለ ማነው የሠራው?»

«ወንድሜ!»

«ውስጡ ያለውስ ምን ይባላል?»

«ማዘርቦርድ። ያኛው ሜሞሪ ነው።»

«አንተ ጎበዝ! ሌላስ ዕቃ አላችሁ?»

ቡርሃንን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። «ሰሉ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሰላሃዲን ተብዬ ሳልጠራ ሰሉ ከተባልኩ ደስታ ነው ብዬ እግሬ አውጪኝ በረርኩ። ቤታችን ቅርብ ነው፤ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ታቅፌ እያለከለኩ መጣሁ። ባለ ደብተሩ በውስጡ ያለውን እየቆጠረ ጻፈ። ቡርሃን ፈረመ። የተሸጠልን መሰለኝና ኮራሁ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን፣ ደላላው መጥፋቱን፣ ያ እኔ የተሸከምኩት ካርቶን ሰነዱ ላይ «ሁለተኛ ኤግዚቢት» ተብሎ መመዝገቡን ያወቅኩት አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ነው።

የቧንቧውን ሆድ ዕቃ አወጡና ቆርቆሮውን ተዉት። ቡርሃን በሁለቱ መሃል ሆኖ ሲሄድ ዞር አለ።

«ሰሉ፣ ኬዙን አደራ። አቧራ እንዳይገባው።»

እናቴ ዘኪያ ማታውን «ወንድምህ ጅማ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አለችኝ። አመንኳት። ጅማ ሩቅ አገር ነው፣ ከአውቶቡስ ተራ ጠዋት በመኪና የሚኬድበት። ግን ለእኔ ብዙም ሩቅ አልነበረም፤ ምክንያቱም ቡርሃን በየሳምንቱ የቆሸሸ ሸሚዙን ይልክ ነበር። እናቴ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ትልክለታለች። «ጅማ ሳሙና የለም እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን። ሸሚዙን ከሳፋው አንስታ ፊቷን ጠረገችበት። ሳሙና ዓይኗ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

በየቀኑ ቀትር ላይ ምሳ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥላ በመሳለሚያ በኩል ትሄዳለች። «የታመመች ዘመድ አለችን» ትለኛለች። ለታመመችው የሚሄደው ዳቦ ከቤት ሳይወጣ ከመሃሉ ይሰነጠቃል። ለምን ስላት «ሌላ ሰው ከሚሰነጥቀው እኔ ልሰንጥቀው ብዬ» አለች። አልገባኝም። የታመመ ሰው ማኘክ ያቅተው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጋሽ ኢስሐቅ የሚባል ጎረቤት ነበረን። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው። ሌላው ሰው «መዝገብ» የሚለውን እሱ «ኬዝ» ነው የሚለው፤ ፈረንጅኛው ማመልከቻውን የሚያጠነክርለት ይመስለዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ጀርባ አልጋ ላይ ተጋድሜ ለእናቴ ሲያወራት ሰማሁት።

«እትዬ ዘኪያ፣ ኬዙ እንኳ ያን ያህል ከባድ አይደለም።»

«ጋሽ ኢስሐቅ፣ እኔ ከባድ ቀላል አላውቅም። መቼ ነው የሚመጣው? እሱን ይንገሩኝ።»

«ኬዙ ካለቀ ይመጣል።»

«ያ ረቢ። መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አይጨነቁ። ትንሽ ነው የቀረው።»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ እንደቀረው እኔም አውቃለሁ! ግራ ጆሮ፣ ሁለት ክንድ፣ የጀርባ ክዳን። ቡርሃን ጅማ ተቀምጦ የሚጠብቀው ይሄንን ነው ማለት ነው። ታዲያ ለምን ማንም አይጨርስለትም?

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቤት ሳልደርስ በቀጥታ ምናለሽ ተራ። ያ ሰፈር ከሩቅ ነው የሚሰማው፤ መዶሻ ከመዶሻ ይቀባበላል፣ ጆሮህን ብትይዝ እንኳ ጥርስህ ይሰማዋል።

«ጋሼ ጓንጉል፣ ኬዙን እንጨርሰው።»

መዶሻው ቆመ። «የቱን ኬዝ?»

«የቧንቧውን ነዋ! ካለቀ ቡርሃን ይመጣል።»

«ማነው ያለህ?»

«ጋሽ ኢስሐቅ። ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ።»

ጋሼ ጓንጉል ወፍራም መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ረጅም ጊዜ ጠረገው። «ካለቀማ» አለ በመጨረሻ፣ «ካለቀማ ይመጣል።» መቀሱን በእጀታው በኩል አቀበለኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሱም አርጅቶ መዶሻ ማንሳት ሲያቅተው፣ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። «ልጅ ሥራ ፈቶ ከሚጠብቅ እየሠራ ቢጠብቅ ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። ደግሞም፣ «እኔስ ብሆን ምን ይታወቃል፣ ይመጣ ይሆናል ብዬ ነበር እኮ» አለ።

ሦስት ወር ሠራን። እጄን ቆርቆሮ ያልቆረጠኝ ቀን አልነበረም። ጋሼ ጓንጉል ይበይዳል፣ እኔ እይዛለሁ፣ አሞሌ በሚያህል ድንጋይ ዝገት እፍቃለሁ። ግራ ጆሮው ገባ። በዚያ ሰሞን ጋሽ ኢስሐቅ «ኬዙ ላይ ክፍተት አለ» ብሎ ለእናቴ ሲናገር ሰማሁ። ሄጄ ቧንቧውን አገላብጬ ፈተሽኩት፤ እውነትም አንገቱ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁ! ጋሽ ኢስሐቅ ሳያየው እንዴት አወቀ? ደፈንነው። «ቀጠሮው ተራዘመ» ሲል ደግሞ ክንዱ ስላልተገጠመ ነው አልኩ። ክንዱን ገጠምን፤ ቀኙ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ፣ ግራው ከመብራት ቱቦ። እኩል አልሆኑም።

«አንካሳ አደረግነው» አልኩ።

«ክንድ አያነክስም» አለ ጋሼ ጓንጉል። «ይሄኛው ለሰላምታ፣ ያኛው ለጠብ ይሁነው።»

ከዚያ እናቴ ምሳ ዕቃውን ሳይነካ ይዛ መመለስ ጀመረች። ለጎረቤታችን ለጠሂራ ደጃፍ ላይ ቆማ በሹክሹክታ «ትኩሳት ይዞታል፤ ብዙዎቹን ይዟቸዋል» ስትላት ሰማሁ። ጅማ ወባ እንዳለ መምህራችን ነግራናለች። «ይዞታል» ስላለች የታመመው ቡርሃን እንደሆነ ገባኝ፤ ከዚያ በላይ ግን አልገባኝም። ቶሎ መጨረስ አለብኝ አልኩ። የቀረው ክዳኑ ብቻ ነው።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ትምህርት ዝግ ነበር። ክዳኑን ከላሜራ ቆርጠን ስምንት ቀዳዳ በስተን ጨርሰን ሳለን አንድ ልጅ መጥቶ ጋሼ ጓንጉልን ጆሮው ላይ አንሾካሾከለት። ጋሼ ጓንጉል የያዘውን ጉጠት መሬት ላይ ለቀቀው። ዕቃ ሲጥል አይቼው አላውቅም።

«ሰሉ» አለኝ። ሰሉ ያለኝ ያን ቀን መጀመሪያው ነው፤ ሌላ ጊዜ «አንተ ልጅ» ነበር የሚለኝ። «አንተ ሥራህን ጨርስ። ከዚህ እንዳትነቃነቅ። እኔ መጣሁ።»

ስምንቱን ብሎን ብቻዬን አሰርኩ። ካቻቢቴው ከመዳፌ ይበልጣል፤ በሁለት እጄ ይዤ፣ ምላሴን ነክሼ። ሰባተኛው ጠመመብኝ፣ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። ስምንተኛው ሲጠብቅ ጭርር አለ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ዓይኑን አየሁ። አልበራም። መብራቶቹን እኮ ወስደዋቸዋል፤ ከየት ይበራል? አልከፋኝም። የሚበራው እዚያ ጅማ ነው ብዬ አሰብኩ።

እንዳትነቃነቅ የተባልኩትን ረሳሁት። ቧንቧውን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ወደ ቤት ሮጥኩ። ባዶ ስለሆነ ቀላል ነው። የመንደራችን መግቢያ ላይ ሸራ ተወጥሯል፣ ደጃችን ላይ ጫማ በጫማ ሆኗል። ለቡርሃን አቀባበል መሰለኝ። እንዴት ቀድመው ሰሙ? ጋሽ ኢስሐቅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች ያናግሩታል።

«ታዲያ አሁን ነገሩ ምን ይሆናል?» አለው አንዱ።

«ምን ይሆናል? ኬዙ ተዘጋ» አለ ጋሽ ኢስሐቅ። «አበቃ። ተዘጋ።»

ደስታ ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣ ይታወቀኛል። ቧንቧውን ከራሴ ላይ አውርጄ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረግኩት።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት!» አልኩ። «እኔ ነኝ! አሁን ነው የዘጋሁት!»

ማንም አልሳቀም። ጠሂራ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ጋሽ ኢስሐቅ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፣ እስክሪብቶዎቹን ነካካ፣ አንዱን አወጣና መልሶ ከተተው። ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ የእሷ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ሰዎች በር ላይ ተጋፉ፣ እኔን የሚያይ ጠፋ። እንግዲህ እነሱ እስኪረጋጉ ልቀበለው ብዬ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ።

የጅማ መኪና የሚራገፍበትን ጠይቄ ቧንቧውን አጠገቤ አቁሜ ተቀመጥኩ። ወዛደሮቹ ከበቡን።

«ይሄ ደግሞ ጭነት ነው ሰው?»

«ሰው ከሆነ ትኬት ይቆረጥለታ!»

«ጆሮው የሳልሳ ነው፤ ለጾመኛ ይሸጣል።»

«ማንን ነው የምትጠብቀው፣ አንተ ኩታራ?»

«ወንድሜን። ከጅማ ነው የሚመጣው። ኬዙ ስላለቀ።»

አንዱ፣ ትከሻው ላይ ጆንያ የጣለው ሽበታም ሰውዬ፣ ሳቁን አቆመ። አሁን ሳስበው «ኬዝ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። «እሰይ» አለኝ። «እንኳን አለቀለት።» ፀሐይ እንዳይመታኝ ጆንያውን ራሴ ላይ ጣል አደረገልኝና ሄደ። ያን ቀን ደስ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ከእኔ ሌላ።

ሁለት መኪና ተራገፈ። ዶሮ ወረደ፣ ቡና ወረደ፣ ማር ወረደ። ረጅም ልጅ በወረደ ቁጥር እነሳለሁ።

ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም ጋሼ ጓንጉል መጣ። እየሮጠ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሲሮጥ ያስቃል። አጠገቤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። ጫማው ላይ ቀይ አፈር ነበር። የምናለሽ ተራ ትቢያ ጥቁር ነው፤ ቀይ አፈር የት ረግጦ መጣ አልኩ በሆዴ። የኮልፌ የመቃብር አፈር ነው። ወንድሜን ከእስር ቤት ተረክበው ቀብረው ተመልሰው ነው፣ እኔ በሌለሁበት። በእስልምና ደንብ ጀናዛ አይቆይም፤ እኔን ሲፈልጉ ቆይተው፣ ሲያጡኝ ሄደዋል።

«ጋሼ፣ ኬዙ ተዘጋ አሉ እኮ። ለምን አልመጣም?»

ጫማው ላይ ያለውን አፈር በእጁ ጠረገ።

«እኔ ስለዘጋሁት ነው?»

«አይደለም» አለ። «ሰሉ፣ ስማኝ። ኬዝ ሁለት ነው። አንዱ ይሄ ያንተ ነው። አንዱ ደግሞ የሰዎች ነው፣ ወረቀት ነው። እሱ...» መነጽሩን አወለቀ፣ የሚጠርግበት የሸሚዝ ጫፍ ግን አላገኘም። «ሰውየው ከሌለ ይዘጋል። ሰውየው ስለሌለ ነው የሚዘጉት።»

«ቡርሃን የለም?»

«የለም።»

አልጮህኩም። ሁለት ነው ያለኝን አልሰማሁትም፤ ወይም ሰምቼ አልተቀበልኩትም። የሰማሁት ከተዘጋ የለም የሚለውን ብቻ ነው። ካቻቢቴው ቁምጣዬ ኪስ ውስጥ ነበር። ቧንቧውን በፊቱ ደፋሁትና ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። ጋሼ ጓንጉል እጄን አልያዘኝም። ወዛደሮቹ ቆመው አዩኝ፣ ማንም አልቀለደም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያ ሰባተኛው ጠምሞ ነበርና አልፈታ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ጋሼ ጓንጉል ከእጄ ላይ ወስዶ ፈታልኝ። ስምንተኛውን እኔ ፈታሁት። ክዳኑን አነሳን። ወደ ውስጥ አየሁ። የዘይቱ ሽታ አሁንም ነበር።

እናቴ ስለ ካርቶኑም ሆነ ደጃፍ ላይ ስለ ጮህኩት ነገር ተናግራኝ አታውቅም። በዓል ሲደርስ ብቻ ቧንቧውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ታወርደውና እርጥብ ጨርቅ ይዛ እጇን እስከ ክርኗ ውስጡ ከታ ትወለውለዋለች። ስትጨርስ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ክዳኑን የት አደረግከው ብላኝ አታውቅም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከዚያ አልዘለቅኩም። አሁን መሳለሚያ አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ሱቄ ሁለት ሰው ቢገባበት ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። እናቴም ካለፈች ወዲህ ቧንቧው እኔ ዘንድ ነው። መደርደሪያው ላይ ጀርባውን ለደንበኛ ሰጥቶ ቆሟል። ክዳኑ አጠገቡ ነው፣ ስምንቱ ብሎን በክብሪት ቀፎ ውስጥ። በየጠዋቱ እጠርገዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አቧራው ተመልሶ ይገባል። አደራውን እንደሚገባ ጠብቄያለሁ ማለት አልችልም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ስልኳን እስክሠራላት ቆማ ስታየው ቆየች። ሩሀማ ትባላለች፤ የደንብ ልብሷ ላይ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ኬዙ ክፍት ነው እኮ» አለችኝ። «አይዘጋም?»

ካቻቢቴው እጄ ላይ ነበር።

«አዎ» አልኳት። «ክፍት ነው።»